የአያ ላቀው እሾህ

ቀረብ በሉ ልጆች፤ ግን አትተፋፈጉ። ታሪኩን የምነግራችሁ ሰውዬ እንዲህ ተጣብቃችሁ ቢያያችሁ በመካከላችሁ እሾህ ይጎትት ነበር።

ድሮ ነው። የአያቶቻችን አያቶች ገና በአንቀልባ ሳሉ፣ ቀጋ ሜዳ በምትባል መንደር አያ ላቀው የሚባል አጥር አጣሪ ነበረ። መሬት የለውም፤ በሬ የለውም። ያለው አንድ ገጀራ፣ ይታክቱ የምትባል አንዲት ልጅና ብዙ ፍርሃት ነው። ጅብ ይፈራል፤ መብረቅ ይፈራል፤ የጎረቤቱን አውራ ዶሮ ሳይቀር ይፈራል።

አንድ ዓመት ወንዝ ማዶ ካለ መንደር አጥር ሊያጥር ሄደ። እዚያ አንድ ሰው ሳልና ትኩሳት ይዞት ተኝቷል። የመንደሩ ሰው ሁሉ ሊጠይቀው ገባ። አጠገቡ ተቀመጠ፤ ግንባሩን ዳሰሰ፤ በዋንጫው ጠጣ። ብዙም ሳይቆይ ጠያቂዎቹ ተኙ። እነሱን የጠየቁም ተኙ። በመጨረሻ ጠያቂም ቀባሪም ታጣ። አያ ላቀው ነገሩ አልገባውም፤ ፈራ እንጂ። አጥሩን ጀምሮ ትቶ እየሮጠ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ቤቱ ሲደርስ ይታክቱ ወንድ ልጅ ተገላግላለች። አያ ላቀው የልጅ ልጁን ለመሳም አፉን አሹሎ ደጃፉ ላይ ደረሰና ቆመ። የማዶው በሽታ ተከትሎት መጥቶ እንደሆነ ፈራ። ሳይስመው ተመለሰና ቤቱን ዙሪያውን በቀጋ እሾህ አጠረው፤ እሱም ከአጥሩ ሥር ተኛ።

ሴቶቹ ቅቤና የገንፎ ዱቄት ይዘው አራስ ሊጠይቁ መጡ። እሾህ ጠበቃቸው። ፊት ፊት የምትሄደው እቴ ደብሪቱ ነበረች፤ ድምፅዋ ከሦስት ማሳ ወዲያ ይሰማል።

"አያ ላቀው፣ ሰው እንዳይጠይቅህ ታጥራለህ? ነገ ስትሞት ማን ይቀብርሃል?"

በዚያ አገር ከዚህ የባሰ ማስፈራሪያ የለም። አያ ላቀውም እንደ ሰው በወግ መቀበር ይፈልጋል። ነገር ግን እሾኹን አላነሳም። እቴ ደብሪቱ ቅቤውን ይዛ መመለስ ነውር ሆነባትና በአጥሩ ላይ ወረወረችው። የአያ ላቀው አናት ላይ አረፈ። እልልታውን ከውጭ አቅልጠውት ሄዱ።

ከዚያ ጭቃ ሹሙ ባላምባራስ ብጡል ከገበያ እያሳሉ ገቡና ተኙ። ጭቃ ሹም ታሞ አለመጠየቅ አይታሰብም፤ የቀረ ሰው ይታወቅበታል። አያ ላቀው እየፈራ በማለዳ ሄዶ በራቸውን በእሾህ ዘጋው። አገሩ መጣ፤ መግቢያ የለም። እንዳይመለሱ ፈሩ፤ እንዳይገቡ ተወጉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ካጥሩ ውጭ ቆሞ ስሙን እየጠራ ጮኸ።

"ጌታዬ፣ እኔ ወርቅነህ ነኝ፤ እግዜር ይማርዎ! መምጣቴን ይወቁልኝ!"

ባላምባራስ ከውስጥ፣ "ላቀውን ያዙልኝ፤ አስገርፈዋለሁ!" ይላሉ። ሊይዙት የሄዱት ሰዎች በአጥሩ እሾህ ሱሪያቸው ተቦጫጭቆ ተመለሱ። ባላምባራስ ቀለል አላቸው፤ ከጠያቂው አንድ ሰው አልታመመም። እሳቸው ግን አላመሰገኑም። ሳሉ ገና ሳይለቃቸው ራሳቸው መጥተው ከአያ ላቀው ጋር በአጥር ላይ አፍንጫ ለአፍንጫ ገጠሙ።

"ስትሞት እኔ አልቀብርህም!" ብለው ፊቱ ላይ አሳሉበት።

አያ ላቀውን ትኩሳቱ ያዘው። ከልጁና ከልጅ ልጁ ራቅ ብሎ ማሳ ጠባቂ የሚያድርባት ጎጆ ውስጥ ገባና የቀረችውን እሾህ ከኋላው ጎተታት። ተኝቶ አሰበ። ሴቶቹን አስቀይሟል፤ ጭቃ ሹሙን አስቀይሟል፤ አገሩን ሁሉ ከበር መልሷል። አሁን ማን ይመጣለታል? ሞቱን አይደለም የፈራው፤ ብቻውን መበስበሱን ነው።

ረፋዱ ላይ ድምፅ ሰማ።

"አያ ላቀው! አልሞትክም?" እቴ ደብሪቱ ናት።

"አልሞትኩም።"

"እንግዲያው ብላ!" አለችና ገንፎውን በረጅም ዘንግ ጫፍ አስገባችለት።

እሷ ስትሄድ ሌላው መጣ። "አልሞትክም?" "አልሞትኩም።" እሱ ሲሄድ ሌላው መጣ። እሾኹን ማንም አላለፈም፤ ማንም ግን አልቀረም። አያ ላቀው "አልሞትኩም" በማለት ብዛት ለመተኛት እንኳ ጊዜ አጣ። ባላምባራስም በበቅሎ መጡ፤ ከሩቅ ቆሙ፤ ፊታቸውን አዞሩና፣ "አልሞትክም እንዴ አንተ?" አሉ። አያ ላቀው አለቀሰ። ደስ ብሎት ነው ያለቀሰው።

ዳነ። የልጅ ልጁንም ሳመ። ወንዝ ማዶ የነበረው መንደር ዛሬ ስሙም ጠፍቷል፤ ቀጋ ሜዳ ግን አለች።

እስከ ዛሬ እዚያ አገር ሰው ሲታመም ደጃፉ ላይ የቀጋ እሾህ ይጣላል። ጠያቂው አያልፈውም። ከውጭ ቆሞ "አልሞትክም?" ይላል። እንግዳ ሲሰማው ይቀየማል፤ ለበሽተኛው ግን ከዚያ የጣፈጠ ቃል የለም።

አያ ላቀው ሸምግሎ፣ ጥርሱ አልቆ፣ በሰላም ሞተ። የሰባት መንደር ሰው ሊቀብረው ወጣ። ሕዝቡ ከመብዛቱ የተነሳ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ገፍቶ ጣለው። ከቀብር በኋላ ሁሉም ቆሞ የወደቀውን አጥር አየና፣ "እስቲ አያ ላቀውን ጥሩት" ለማለት አፉን ከፈተ።