ኩሩው ምላጭና ለብ ያለው ውሃ

እኔ ተረት አለኝ፣ እናንተ ጆሮ ካላችሁ፤ በሉ ጠጋ በሉ።

ዕቃ ሁሉ አንደበት በነበረው በዚያ በጥንቱ ዘመን፣ ቀኛዝማች አድገህ የሚባሉ የተከበሩ ሰው ነበሩ። ወንድማቸው ቢሞትባቸው ጢማቸውን አሳደጉ። አርባው አለፈ፤ መንፈቁ አለፈ፤ ጢሙ ደረታቸው ላይ ወረደ። በሐዘናቸውም ምክንያት የልጃቸው ሠርግ ቆሞ ቀረ።

ሽማግሌዎች ቢለምኗቸው፣ «እሺ፣ እላጫለሁ። ነገር ግን አንዲት ጠብታ ደም ከወጣችኝ ወንድሜ አልፈቀደም ማለት ነውና ዓመት ሙሉ አላስነካውም» ብለው ማሉ።

ይህን የሰማው ምላጭ በአፎቱ ውስጥ ኮራ። ሠላሳ ዓመት ያንን ፊት ያሳመረ እርሱ ነውና።

መቀስ፣ «ወንድም ምላጭ፣ አስቀድሜ ላሳጥርልህ» አለው።

«አንተ የበግ ጠጉር ሸልት።»

በጣሳ ያለው ለብ ያለ ውሃም፣ «ጋሼ ምላጭ፣ እኔም ላርሰው» አለው።

«ስለት የሌለው ደግሞ ምን አገባው?»

ጎረቤታቸው ባሻ ድልነሳ ምላጩን አንሥተው ጀመሩ። ጢሙ ምላጩን ጠቅልሎ ያዘው። የቀኛዝማች ዓይን እንባ አቀረረ።

«ባሻ፣ ጢም ነው ወይስ ቆዳ የምትገፈው?»

«ይታገሡኝ ጌታዬ፤ ጢምዎ እንደ እርስዎ እልኸኛ ነው።»

ቀጥሎ መቀስ ገባና አሳጠረው። ምላጭ ሁለተኛ ሞከረ። የቀረው ጢም ግን በደረቁ እንደ እሾህ ቆሞ ጠበቀው፤ ጉንጫቸው ቀላ። አንድ ጊዜ ቢደገም ደም ነው፤ ደም ከሆነ ደግሞ ሠርጉ ቀረ። ምላጭ ይህን ሲያስብ ስለቱ ቀዘቀዘ። አንገቱንም ደፋ።

«አያ ውሃ፣ ድረስልኝ» አለ።

ውሃ አልተሳለቀበትም። «የቆየሁት ለዚሁ ነው» አለ እንጂ።

ባሻም ይህን ሰምተው ጨርቅ ነክረው በቀኛዝማች ፊት ላይ አኖሩ። ውሃ አልቸኮለም፤ እያንዳንዱን ጠጉር እስከ ሥሩ ወርዶ አለሰለሰው።

ሦስተኛ ጊዜ ምላጭ ሲነሣ ቅቤ ላይ እንደሚሄድ ሄደ። በጉንጭ ወረደ፤ በአገጭ ዞረ፤ ጉሮሮን አልፎ ወጣ። ያ ጉንጭ እንደ ጎልማሳ ጉንጭ አበራ። ምላጭም እያደነቀ፣ «ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተመሰገንኩት በአንተ ሥራ ኖሯል» አለው ውሃን።

ቀኛዝማች ፊታቸውን በመዳፋቸው ዳበሱ፤ መዳፋቸውንም አዩት። ንጹሕ ነው።

«ልጄን ጥሩልኝ፤ የሠርጉን ቀን እንቁረጥ» አሉ።

እንግዲህ ስለት ያላችሁ ሁሉ ስሙ፦ ውሃ ያላራሰውን ጢም ምላጭ አያሳምረውም፤ ለስላሳ ቃል ያልቀደመውንም ነገር ኃይለኛ አይፈታውም።