በምዕራብ በኩል የቀረው ቅጠል

አንድ ስንሻው የሚባል ሰው በሞቃት ቆላ አገር የሚገኝ የወይን እርሻ ከአባቱ ወረሰ። ያደገው ከተማ ስለነበር ወይንን የሚያውቀው ገበታ ላይ እንጂ ሐረጉ ላይ አልነበረም። ቢሆንም «አላውቅም» ማለት ሞት ይመስለው ነበር።

ፍሬው መቅላት ሲጀምር፣ ዘለላዎቹን የሸፈነው ቅጠል እንዲነሣ ሠራተኞቹን አዘዘ። በማግስቱ ሊያይ ሲወጣ በየመደዳው የተራቆተው የምሥራቁ ጎን ብቻ ነው። በምዕራብ በኩል አንድም ቅጠል አልተነካም። ሥራውን የመሩት እትዬ ዘርፌ ነበሩ፤ ሠላሳ ዓመት በዚያ እርሻ የሠሩ፣ አባቱ እንኳ ሳያማክራቸው መቀስ የማያነሣ ሴት።

«እትዬ ዘርፌ፣ ግማሹን ለማን ተዉት?» አላቸው።

«ፀሐይን ፈርቼ ነዋ ልጄ» አሉ ፈገግ ብለው። «የጠዋቷ ደግ ናት። የከሰዓቷ ግን...»

ሠራተኞቹ ቆመው ያያሉ። ስንሻው በእነሱ ፊት ተማሪ መምሰል አልፈለገም።

«ፀሐይን ነው የፈራሽው ወይስ ሥራን?» ብሎ አንቱታውን ጣለው። «ሰነፍ! አባቴ የዋህ ስለነበር ነው እዚህ ያረጀሽው!»

አንዱ ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። እትዬ ዘርፌ መቀሱን መሬት ላይ አስቀምጠው፣ ቀሚሳቸውን አራግፈው ሄዱ።

የምዕራቡ ቅጠል በዚያው ቀን ተመለመለ። ሳምንት ሳይሞላ በዚያ በኩል ያለው ፍሬ ሁሉ እንደ ተቆላ ጠቁሮ ተጨማደደ።

«እዚህ አገር የከሰዓት ቅጠል ጃንጥላ ነው ጌታዬ» አለው አንድ ሽማግሌ ሠራተኛ። «ሁላችንም እናውቃለን።»

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?»

«እሳቸው የደረሰባቸውን አይተን ነዋ!»

ስንሻው እትዬ ዘርፌ ቤት ሄዶ እግራቸው ላይ ወደቀ።

«ይቅር ብዬሃለሁ፤ ተነሣ፣ ልብስህ ቆሸሸ» አሉት።

«እንግዲያውስ ይመለሱልኝ።»

«በምን ስሜ ልመለስ ልጄ? ሦስት እርሻ ሥራ ጠየቅሁ፤ የቀጠረኝ የለም። ወፍጮ ቤት ስገባ ሴቶቹ ‹ሰነፏ መጣች› ይላሉ። የሰደብከኝ በሰው ፊት ነው፤ ይቅርታ የጠየቅኸኝ ግን እዚህ ጓዳ ውስጥ ነው።»

በማግስቱ ሠራተኞቹን ሰብስቦ ባርኔጣውን አውልቆ ጥፋቱን ተናገረ። አንገታቸውን ነቅንቀው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ስድቡን በሳቅ ለመንደሩ አዳርሰውት ነበር፤ ይህን ግን ወስዶ ለጎረቤቱ ያወራ አልተገኘም። ክረምቱ ሳይገባ እትዬ ዘርፌ ዕቃቸውን ሸክፈው ወደ እህታቸው አገር ሄዱ።

በቀጣዩ ዓመት ሐረጉ እንደገና ለመለመ፣ ፍሬውም በደህና ደረሰ። ስንሻው ግን እርሻው ውስጥ ሲዘዋወር፣ እትዬ ዘርፌን አይተዋቸው የማያውቁ አዳዲስ ሠራተኞች በግማሽ የቀረ ሥራ ባዩ ቁጥር «የዘርፌ ሥራ!» እያሉ ሲቀልዱ ይሰማል። «እንደዚያ አይደለም» ብሎ ሊያስረዳቸው ይቆማል። እነሱም ለጌታቸው ክብር ሲሉ ያዳምጡታል።

ያልገባንን ሥራ ስንፍና ለማለት አንቸኩል። ይቅርታ ልብን ሊያሳርፍ ይችላል፤ በሰው አፍ የገባን ስም ግን መልሶ አያወጣም። እስቲ ቆም ብለን እናስብ፦ በአደባባይ አዋርደነው በጓዳ ብቻ ይቅርታ የጠየቅነው ሰው የለም?