በውጭው በር ላይ የተጣለው ገደብ

አንድ ጊዜ፣ የአራዊት መንደር የመጀመሪያውን የኔትወርክ መስመር በዘረጋ በሁለተኛው ዓመት፣ በነሐሴ አጋማሽ፣ ይህ ነገር ሆነ። መስመሩ ከተራራው አናት ተነሥቶ እስከ ወንዙ ዳር የሚወርድ አንድ ቀጭን ሽቦ ነበር። በዚያ ዘመን ሥዕል የሚገለጠው ከላይ ወደ ታች፣ በመጀመሪያ ቀንዱ፣ ቀጥሎ ግንባሩ፣ ከዚያም ዓይኑ እያለ በዝግታ ነበር፤ እንስሳቱም ከዋርካው ሥር ተሰብስበው «በሬ ነው»፣ «የለም፣ አጋዘን ነው» እየተባባሉ ይከራከሩ ነበር። ዛሬ መስመሩ ሰፍቷል፤ ሥዕሉም በቅጽበት ይመጣል፤ ከዋርካው ሥር ግን ማንም አይሰበሰብም።

የመስመሩ ጠባቂ አህያ ነበር። ወደ መንደሩ የሚገባውንና ከመንደሩ የሚወጣውን ሁሉ የሚፈትሽ፣ ፋየርዎል የሚባል ሳጥን በአደራ ተሰጥቶታል። ሳጥኑ ሁለት በሮች ነበሩት፤ የውጭው በር ወደ ተራራው፣ የውስጡ በር ወደ መንደሩ ያያል። በተራራው አናት የምትኖረው ጉሬዛ በወንዙ ራስ ላይ ዝናብ መጣሉን ባየች ጊዜ በዚሁ መስመር ድምፅዋን ትልካለች። ይህን ድምፅ ከሁሉ ይልቅ የምትጠብቀው ኤሊ ነበረች፤ አሥራ አንድ እንቁላሎቿን በወንዙ ዳር አሸዋ ውስጥ ቀብራለች፤ እርሷም ፈጥና የምትደርስ አይደለችም።

አንድ ቀን ኤሊ ወደ አህያ መጣች።

«ጋሽ አህያ፣ የእመት ጉሬዛ ድምፅ እየተቆራረጠ አስቸገረኝ። ትናንት ‹ዝና…› አለችና ጠፋች። ዝናብ መጣ ትበል፣ ዝናብ ቆመ ትበል፣ በምን ልወቅ?»

አህያ የመስመሩን ፍሰት መረመረ። ጅብ ከዋሻው ሳይወጣ ቀኑን ሙሉ የሥጋ ቤት ፊልም እያወረደ ነበር። አህያም ሄደና፣

«አያ ጅቦ፣ መስመሩን አንተ ብቻህን ሞላኸው» አለው።

«እኔ?» አለ ጅብ፣ ዓይኑን ከፊልሙ ሳይነቅል። «እኔ ለማንም አንዲት ነገር ልኬ አላውቅም! የመጣልኝን እቀበላለሁ እንጂ። ይልቅ ና ይህን ታፋ እየው… አትደንግጥ፣ የዘመድህ አይደለም፤ የበሬ ነው።»

ቀበሮ ከጅብ ጎን ተቀምጦ የዶሮ ፊልም ይመለከት ነበር። ሳጥኑ በእያንዳንዱ በር ላይ የሚገድበው በዚያ በር የሚወጣውን ብቻ እንደሆነ ያውቃል፤ ይህን ግን አልተናገረም።

«ጋሼ፣ እርስዎን የመሰለ አዋቂ በዚህ አይቸገርም» አለ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ። «ፊልሙ የሚመጣው ከውጭ አይደል? ገደቡን በውጭው በር ላይ ይጣሉና ይረፉ።»

ነገሩ ለአህያ እውነት መሰለው። የሳጥኑን መመሪያ ሳይገልጥ በውጭው በር ላይ ከአሥር እጅ ሦስት እጅ ብቻ እንዲያልፍ አዘዘና በሥራው ረክቶ ሣር ሊግጥ ሄደ። በውጭው በር የሚወጣው ግን መንደሩ ወደ ተራራው የሚልከው ነው፤ ስለዚህ የተገደበው የጅብ ፊልም ሳይሆን የኤሊ ጥያቄ ሆነ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የወንዙ ራስ ጠቆረ። ኤሊ «እመት ጉሬዛ! ምን ይታይሻል?» ብላ ብትጠይቅ የመጣላት መልስ «ው… ው…» ብቻ ነበር። አህያ ወደ ሳጥኑ ሮጠ። የውጭው በር የመላኪያ መብራት አልፎ አልፎ ብልጭ ይላል፤ የውስጡ በር የመላኪያ መብራት ግን ያለ ዕረፍት ይነድዳል።

«ምን ዓይነት አህያ ነኝ!» አለ። «ጅብ የሚያወርደው ሁሉ ከሳጥኑ የሚወጣው በውስጡ በር ነው እኮ!»

ወዲያው ገደቡን ከውጭው በር አንሥቶ በውስጡ በር ላይ ጣለ፤ ለፊልም ሁሉ ሦስት እጅ ብቻ መደበ፤ ለጉሬዛ ድምፅ ከሁሉ ቀድሞ የማለፍ መብት ሰጠ። ሳጥኑ ፊልሙን ቀስ ብሎ ሲያቀብል በወዲያኛው ጫፍ ያለው ላኪም ቀስ ብሎ መላክ ጀመረ፤ ቀጭኑም ሽቦ ተነፈሰ።

«…ኤሊ! ኤሊ፣ ትሰሚኛለሽ? ወንዙ ከላይ ሞልቶ እየወረደ ነው! እንቁላሎችሽን አውጪ!»

አህያ ኤሊን በጀርባው ይዞ ወንዙ ዳር ወረደና አሸዋውን በሰኮናው ጫረ። ኤሊ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ በአፏ እያነሣች ጭድ በሞላው ቅርጫት ውስጥ አኖረች። ዘጠኝ አወጡ። አሥረኛውን ሲፈልጉ ጎርፉ ደረሰ።

ሽቅብ ሲመለሱ ጅብ ከዋሻው ደጃፍ ቆሞ ይጮኻል።

«ጋሽ አህያ! ፊልሜ ቆመ! ቢላዋው ከተነሣ ቆየ፤ አልወርድ አለ!»

«ይወርዳል፣ አያ ጅቦ፤ ቀስ ብሎ ይወርዳል።»

ጅብም አፉን ከፍቶ ሲጠብቅ ዋለ። ቀበሮ ግን ቅርጫቱን አየና በዋሻው ጀርባ ሾልኮ ሄደ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ቀጭኑ ሽቦ ተነሥቶ ሰፊው ተዘረጋ፤ ጉሬዛም አርጅታ ከተራራው ወረደች። አንድ ቀን ከአህያ ጋር ከዋርካው ሥር ተቀምጠው የጥንቱን ሲያነሡ፣ ከዘጠኙ ኤሊዎች አንዷ በፊታቸው ቀስ ብላ አለፈች።

«ለመሆኑ ያን ጠዋት ስንት ጊዜ ተጣራሽ?» አላት አህያ።

«ጎሕ ሲቀድ ነው የጀመርሁት» አለች ጉሬዛ። «እናንተ የሰማችሁኝ በአርባ አንደኛው ነው።»

አህያ ጆሮዎቹን ጥሎ ያልወጡትን ሁለቱን አሰበ።

ከዚህ የምንማረው፣ ብዙዎች የሚጋሩትን ጠባብ መንገድ በአደራ የተቀበለ ሁሉ ገደብ ከመጣሉ በፊት ነገሩ በየትኛው በር እንደሚወጣ፣ በዚያው በር ከሚጠቀመው አፍ ሰምቶ ሳይሆን በገዛ ዓይኑ መርምሮ ማወቅ እንዳለበት ነው።