የዝንጀሮዎቹ ዘብ

ተረት ተረት፤ ጆሮ ያለው ቀርቦ ይስማት።

ዝንጀሮዎች ወደ ማሽላ ማሳ ሲወርዱ አንዱ ከቋጥኝ ላይ ሆኖ ነብር ይጠብቅላቸዋል። የቀድሞው ዘብ በሞተ ጊዜ ሌላ ዘብ፣ የለም፣ ልታረም፣ ነብር ሲመጣ የሚያምኑትን ድምፅ ሊመርጡ ተሰበሰቡ። አንድ ጎረምሳና አንድ ሽበታም ለዘብነቱ ተወዳደሩ።

«ይህ ጎረምሳ ውሸታም ነው» አለ ሽበታሙ ተወዳዳሪ። «ማሽላውን ብቻውን መብላት ሲያምረው ነብር መጣ ይላል።»

«አያ ሽበቶስ?» አለ ጎረምሳው። «ዓይኑ ፈዞ ትናንት ለጉቶ እጅ ሲነሳ አይቼዋለሁ።»

መንጋው በሁለቱም ሳቀ። አንዲት አራስ ዝንጀሮ ግን፣ «ታዲያ እኔ ልጄን መሬት አስቀምጬ የምበላው ማንን አምኜ ነው?» ብላ ጠየቀች።

ጎረምሳው ተመረጠ። በሦስተኛው ቀን ከቋጥኙ ላይ ሆኖ «ነብር መጣ» ብሎ ጮኸ።

«ማሽላ አማረው» ተባባሉና መብላታቸውን ቀጠሉ።

ሽበታሙ ቀና ብሎ ተመለከተና፣ «እውነቱን ነው፤ ነብር ነው» አለ።

«ጉቶ ይሆናል፣ አያ ሽበቶ፤ እጅ ንሳው» አሉት።

አራሷ ልጇን ካስቀመጠችበት ጥቂት ርቃ፣ አንዴ ጎረምሳውን አንዴ ሽበታሙን እያየች ቆማ ቀረች።

የምርጫውን ክርክር ከቁጥቋጦ ውስጥ ሆኖ ሲያዳምጥ የሰነበተው ነብርም አልቸኮለም።