የሳንድዊች ሰባት ቤት

እናንተ ጆሮ አዋጡ፣ እኔ ተረት ላዋጣ። ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን እመት ድስት የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ያለቻት አንዲት ልጅ ናት፤ ስሟ ምሳ ዕቃ።

አንድ ቀን ሦስት ሽማግሌዎች ደጇ ቆሙ፤ ፌስታል፣ የፕላስቲክ ሹካና ገመዱን የሚጎትት ፍሪጅ።

«ልጅዎን ለልጃችን፣ ለሱፐርማርኬቱ ሳንድዊች ብለን መጣን» አሉ።

እመት ድስት አብሯቸው የመጣውን ሙሽራ አየችው። ጉንጩ ቀልቷል፣ የለበሰው ላስቲክ ያብረቀርቃል። «እንመካከር፣ በሳምንቱ ተመለሱ» አለች።

በሳምንቱ ተመለሱ። ጉንጩ ያው ቀይ ነው። «እንመካከር» አለች።

በሌላው ሳምንት ተመለሱ። ጉንጩ ያው ቀይ ነው። እመት ድስት ሆዷ ጠረጠረ። «እንግዲያው ዘር ይቆጠር!»

ፌስታል ሙሽራውን ገልብጦ ከጀርባው አነበበ። «አባት ቋሊማ። አያት የስጋ ቅንጥብጣቢ። ቅድመ አያት ኢ ሁለት መቶ ሃምሳ።»

«እሱ ደግሞ የየት አገር ሰው ነው?»

«ጉንጩን የሚያቀላው እሱ ነው፣ እሜቴ። ከሱ በላይ ጣዕም አጉሊ፣ ከዚያ ማወፈሪያ፣ ከዚያ ሻጋታ ከልካይ፣ ሰባተኛው የጭስ ሽታ።»

«ከየትኛው ምድጃ?»

«ሽታው ብቻ ነው፤ እሳት እንኳ አያውቅም።»

የሴቷ ወገን ሽማግሌዎች፣ ጭልፋና ሙቀጫ፣ በበኩላቸው ቆጠሩ፤ ሽንኩርት፣ ምስር፣ በርበሬ...

«አንዱም አይነካንም! ዝምድና የለም፣ ይጋቡ!» አሉና ቤቱን በእልልታ አቀለጡት።

«እማዬ፣ እሱን ካገባሁ ዘይት አይነካኝም፣ በአመድም አልፈተግም» አለች ምሳ ዕቃ።

«ቆይ አንቺ። ጎረቤታችንን ሻጋታን ጥሩልኝ። ሳይጠራ የማንም ቤት የሚገባ እሱ ነው።»

ሻጋታ መጣ። ሳንድዊቹን ዞረው፣ አሸተተው፣ ጋቢውን ሰብስቦ ወደ በሩ ሮጠ። «ኧረ እኔ የልጆች አባት ነኝ!»

እመት ድስት ወደ ጭልፋና ሙቀጫ ዞረች። «እናንተ አዋቂዎች! የኛ ዘመድ አለመሆኑን ቆጠራችሁ። የምግብ ዘመድ መሆኑንስ ማን ይቁጠር? ከአያቱ ወዲያ አንድ ማሳ፣ አንድ በረት አልሰማሁም።» ከዚያ ወደ ልጇ። «ደግሞስ የራሱን ቤት ለብሶ የሚዞር ባል አንቺን ምን ያደርግሻል? መደርደሪያ ላይ ዝገሽ ልትቀሪ!»

ምሳ ዕቃ አንዴ ላስቲኩን አየች፣ አንዴ ባዶ ሆዷን አየች። ክዳኗን ከፍታ ወደ እናቷ ተጠጋች፤ እናቷም ትኩስ ምስር ወጥ ጨለፈችላት።

ሳንድዊቹ? ጉንጩ እንደቀላ እስካሁን ሚስት ይፈልጋል።

እናንተም ምሳ ስትገዙ በጉንጩ አትታለሉ፤ ገልብጡና ዘሩን ቁጠሩ። እኔ ተረቴን ጨረስኩ። አፌን በዳቦ የሚያብስልኝ ካለ፣ ነገ በሚሻግተው ይሁን።