ጄኔራሉ በግና እመት መለከት

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ወሬውን ተዉትና ስሙኝ።

ድሮ፣ እንስሳ በሚዘምትበት፣ ዕቃ በሚናገርበት ዘመን፣ ከባሕር ማዶ ጉም በማይለየው አገር አንድ አውራ በግ ነበር። በጉልምስናው ነብርን በቀንዱ አንስቶ ወንዝ ውስጥ ወረወረው። ጀግና ተባለ፣ ቀይ ኮት ለበሰ፣ ደረቱ በኒሻን ተሞላ። ከዚያ በኋላማ ለምለም ሣር ላይ ተጋድሞ ያንኑ ነብር እያወራ አረጀ። ሰኮናው አብጦ መቆም ሲያቅተው ጊዜ ጄኔራል አደረጉት። የዝንጀሮዎችን ተራራ ይዘው ለሰፈሩት በጎች አዛዥ ሆኖ ሄደ።

አንገቱ ላይ እመት መለከት ተንጠልጥላለች። እሷ ስትጮህ በጎቹ ይነሳሉ፣ ስትጮህ ይቀመጣሉ። ታዲያ ያለ ጌታዋ ትእዛዝ አትጮህም። "የስንቱ በግ ነፍስ በኔ ጉሮሮ ነው" እያለች ትኮራለች፤ ትፈራለችም።

ሰፈሩ ሲደርሱ ምን ብታይ ጥሩ ነው? በጎቹ ከአጥሩ ውስጥ፣ የገብሱ ጎተራ ከአጥሩ ውጭ!

"ጌታዬ፣ ጎተራውን ያስገቡት እንጂ፤ ዝንጀሮ እኮ አፍንጫችን ሥር ነው" አለችው።

"ልክ ነሽ" አለና እንቅልፉን ለጠጠ።

በማግስቱ ዝንጀሮዎቹ ጎተራውን ወረሩት። የጄኔራሉ አማካሪ ፈረሱ እየጋለበ መጣ። "ጌታዬ፣ አሁኑኑ እንውጣ!"

"ልክ ነህ። አንቺ፣ ጩኺ!"

ጮኸች፤ በጎቹ ብድግ አሉ። ሌላው አማካሪ አህያው ደግሞ ጆሮውን ጥሎ መጣ። "ጌታዬ፣ ጭጋጉ እስኪገለጥ ብንቆይስ?"

"አንተም ልክ ነህ። ጩኺ፣ ይቀመጡ!"

ጮኸች፤ ቁጭ አሉ። ገብሱ ተበላ።

በሁለተኛው ሳምንት ዝንጀሮዎቹ ከሰፈሩ በላይ ያለውን ጉብታ ያዙ። ፈረሱ "እንውጣ" አለ፤ ልክ ነህ። አህያው "እንቆይ" አለ፤ ልክ ነህ። ተነሱ፣ ተቀመጡ፣ ተነሱ፣ ተቀመጡ። አንዲት አሮጊት በግ "እኔስ ጉልበቴ አለቀ" ብላ መነሳቱን ተወችው።

በሦስተኛው ሳምንት ረሃቡ ጠና። የዝንጀሮዎቹ አለቃ መጥቶ "አገራችንን ልቀቁ፤ በገደሉ መንገድ ውጡ፣ አንነካችሁም" አለ።

ጄኔራሉ ምን አለ? "ልክ ነህ" አለዋ!

ወጡ። ገደሉ አፍ ላይ ሲደርሱ መለከቷ ቀና ብላ አየች። ዝንጀሮዎቹ ከላይ ቋጥኝ ደርድረው ይጠብቃሉ።

"ጌታዬ፣ ይዩ! አለቅን!"

ጄኔራሉ አየ። ፈረሱን አልጠየቀም፣ አህያውን አልጠየቀም። በዕድሜው መጨረሻ ያ የነብሩ ጊዜ ልቡ ተመለሰለት።

"ወደ ኋላ! ጩኺ፣ ልጄ!"

ጮኸች። ናሷ እስኪሰነጠቅ ጮኸች። በጎቹ ግን ከቆሙበት አልተነቃነቁም።

"ምን አስቸኮለን፤ አሁን ደግሞ ሌላውን ትጮኻለች" ተባባሉ።

"ሌላ የለም፣ ይኼው ነው!" ብላ ለመነቻቸው። እነሱ ሌላውን ሲጠብቁ ቋጥኙ ወረደ።

ጄኔራሉ ሊሞት ሲል መለከቷን ከአንገቱ አውልቆ ጉልበቷ አልቆ ከኋላ በመቅረቷ ቋጥኙ ለሳታት ለዚያች አሮጊት በግ አጠለቀላት። ከዚያ ሁሉ ሠራዊት አገሯ የገባች እሷ ብቻ ናት።

የአገሩ በጎች በሩ ላይ ከበቧት። "ሌሎቹስ? ልጆቻችንስ?"

"እዚያው ገደሉ ውስጥ ናቸው" አለች አሮጊቷ። "ሁለተኛውን ጩኸት እየጠበቁ ነው።"

መለከቷ ይህን ሰማች። ከዚያ ወዲያ ማንም ቢያዛት ድምፅ አልወጣትም።

እናንተም ሰው የምትመሩበት ቀን ከመጣ፣ የሰጣችሁትን ቃል ወዲያው አትሻሩ። ሰው እናንተን ማመን ከተወ በኋላ እውነተኛውን ቃል ብትናገሩት ማን ይነሳላችኋል?