አያ ጅቦ ቴሌቪዥን ሲመርጥ

አንድ ጊዜ፣ አራዊቱ ቆርቆሮ ቤት ሠርተው፣ መብራት አስገብተው፣ አጥር ለአጥር ተጎራብተው በሚኖሩበት ሰፈር አያ ጅቦ የሚባል ጅብ ነበረ። ጅብን መቼም ታውቁታላችሁ፤ ሆዱ ሰፊ፣ ሐሳቡ ጠባብ ነው። በዚህኛው ላይ ደግሞ ቅናት ተጨምሮበታል። ጎረቤት አዲስ በር ካስገጠመ የእሱ በር በአንድ ቀን ያረጅበታል። ጎረቤት ከሳቀ በእሱ የተሳቀ ይመስለዋል። ለሰው ዝናብ ሲዘንብለት እንኳ የእሱን ጓሮ የዘለለ እየመሰለው ሰማይ ላይ ያፈጣል።

ቤቱ ደግሞ የሚዋሰነው ከአህያው ከአባ ጫኔ ጋር ነው። አባ ጫኔ ዕድሜውን ሙሉ እህል ሲጭን፣ ውሃ ሲያመላልስ የኖረ አንገቱን ደፍቶ አዳሪ ነው። አያ ጅቦ እስከ ዛሬ ለምን አልበላውም የሚል ካለ ደግ ጠየቀ። የአራዊቱ ንጉሥ አያ አንበሶ ውሃ የሚቀዳለት አባ ጫኔ ስለሆነ «አህያዬን የነካ ወየውለት» ብሎ አውጇል። በጎቹን ግን አዋጁ ረስቷቸዋል።

ይኸው አንገት ደፊ አህያ ታዲያ አንድ ቅዳሜ አርባ ሦስት ኢንች ቴሌቪዥን በገዛ ጀርባው ተሸክሞ ሰፈር ገባ። ዋጋው አንድ ሙክት፣ ወይም አንድ ሙክት የሚያወጣ ሥራ ነበር። አባ ጫኔ ከየት አምጥቶ ሙክት ይሰጣል? ሦስት ወር ሙሉ የሸጠችለትን ነጋዴ ዕቃ ከገበያ ገበያ ጭኖ ነው የገዛው።

የዚያኑ ዕለት ማምሻውን ሰፈርተኛው እንኳን ደስ ያለህ ሊል ገባ። በጓ እማማ በጊት ከነልጃቸው ሄዱ። ዶሮ ጫጩቶቿን አስከትላ ሄደች፤ ፍየልም ሄደ፤ ሚዳቋም ሄደች። በማግሥቱ ደገሙ። በሦስተኛው ቀን መቀመጫ አልበቃ ስላለ በርጩማቸውን ከየቤታቸው አንጠልጥለው መጡ። ታዲያ ሁሉም የአያ ጅቦን ደጃፍ አልፈው ነው የሚሄዱት፤ ደጃፉ ጋ ሲደርሱም እርምጃቸውን ያፈጥናሉ። አያ ጅቦ አንድ ዓይኑን በአጥሩ ቀዳዳ ሰክቶ ያያቸዋል። አንጀቱ እርር ድብን ይላል። ከተጎራበቱ ጀምሮ ነፍስ ያለው ፍጡር የእሱን በር አንኳኩቶ አያውቅማ።

ምግብ አልበላ አለው። ጅብ ምግብ ሲተው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሚስቱ ጅቢት ደንግጣ ምን እንደነካው ብትጠይቀው፣ አገር ምድሩ አህያ ቤት ሲያመሽ እሱን ዞር ብሎ ያየው እንደሌለ እያለከለከ ነገራት።

«እኔ የምለው፣» አለች ጅቢት፣ «ዘራችን አህያ በላ ሲባል ነው የኖረው። በአህያ ቀና ሲባል ግን ዛሬ ገና መስማቴ ነው።»

ይህ ንግግር የባሰ አቃጠለው። በመጪው እሁድ የአንበሳ ልጆችና የነብር ልጆች የዋንጫ ጨዋታ አለባቸው፤ ጨዋታውን በቴሌቪዥን የማያይ አይኖርም። አያ ጅቦ ፊት ለፊቷ ቆሞ ማለ። እሁድ ሰፈርተኛው በሙሉ እሱ ቤት ተቀምጦ ያያል። ካልሆነ ጅብ አይደለም።

ለዚህ መጀመሪያ ሙክት ያስፈልጋል። ሙክቱን ረቡዕ ማለዳ ከእማማ በጊት በረት ጎትቶ አመጣው፤ አንድ ልጃቸው ነበር። ይህን ሸፋፍኜ ማለፍ አልችልበትም፤ ሰርቆ ነው ያመጣው። በእሱ ቤት ግን ጽድቅ ነው የሠራው። እስከ ገበያ ድረስ ያን የመሰለ ሙክት እየጎተተ፣ ምራቁን እየዋጠ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አልነከሰውም። በመንገዱ ሁሉ በራሱ ጨዋነት እየተደነቀ ሄደ።

ገበያው ውስጥ ቴሌቪዥን የሚሸጡት ሁለት ናቸው፤ ሱቃቸው ፊት ለፊት ነው። በግራ በኩል ጦጣዋ እሜቴ ጦጢት «መስኮት» የሚባለውን ትሸጣለች። በቀኝ በኩል አቶ ቀበሮ «ብልጭታ» የሚባለውን ይሸጣል። መጠናቸው እኩል፣ ዋጋቸውም እኩል ነው። አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ግራጫ ከመሆኑ በቀር ጅብ አይደለም ሊቅም አይለያቸው።

አያ ጅቦ ሙክቱን ደጅ አስሮ መጀመሪያ ጦጢት ዘንድ ገባ። ጦጢት እንደ ደንቡ ጠየቀችው፤ ክፍሉ ምን ያህል እንደሚሰፋ፣ ሰፈሩ መብራት ይቆራረጥ እንደሆነ፣ ማታ ማታ ስንት ሆነው እንደሚያዩ። አያ ጅቦ ስንት ሆነው ሲባል ፊቱ ጠቆረ። ለመሆኑ አህያው የወሰደው የትኛውን ነው ብሎ ጠየቀ። ይኼንኑ ነው አለችው። እሱ ደግሞ አህያ የያዘውን ሊይዝ አይደለም እዚህ ድረስ የመጣው፤ ሳይሰናበታት ወጣ።

አቶ ቀበሮ በመስታወት አሻግሮ ሲያየው ቆይቶ ኖሮ፣ የልቡን ሳይነግረው አወቀለት። ወንበር ጠርጎ አስቀመጠው። ስለ ክፍሉም ስለ መብራቱም አንዲት ነገር አልጠየቀውም። ወደ ጆሮው ጠጋ አለና፣

«እንዳያወጡብኝ እንጂ፣ አባ ጫኔ መጀመሪያ የመጣው እኔው ዘንድ ነበር፣» አለው። «ይኼን ብልጭታ አየው፣ አየው፣ ከዚያ ‹ይኼስ ለእኔ ቢጤ አይሆንም፤ የትልቅ ሰው ቤት ዕቃ ነው› ብሎኝ አንገቱን ደፍቶ ወደ ጦጢት ተሻገረ። እኔ መቼም ለመሸጥ ብዬ አልዋሽም።»

የቀበሮ ባሕታዊ የለም የሚባለውን አያ ጅቦ አልሰማም፣ ወይም ሰምቶ ረስቷል። ደስታው ጆሮውን አቆመው። ሌላ ሳይጠይቅ ሙክቱን አስረከበና ብልጭታውን ታቅፎ ወጣ። አቶ ቀበሮም ሙክቱን ወደ ጓዳ አስገባ። ከሰዓት በኋላ ቆዳው በሱቁ ደጃፍ፣ አላፊ አግዳሚው በሚያየው ቦታ፣ በችካል ተወጥሮ ተሰጣ።

ሐሙስ ማምሻውን አያ ጅቦ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ። ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቀቀው፤ ቆርቆሮው ነዘረ። ደፍ ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። ሚዳቋ መጣች፤ አለፈች። ፍየል መጣ፤ አለፈ። ዶሮ ጫጩቶቿን በክንፏ ሰብስባ በጥግ በጥግ አለፈች። ሁሉም አባ ጫኔ ቤት ገቡ። ከሌላ ሰፈር እንኳ እንግዳ መጥቶ ገባ።

ወደ አጥሩ ቀዳዳ ሮጠ። ቴሌቪዥኑ ያለበት ግድግዳ ከዚያ አይታይም፤ የሚታየው የተቀመጠው ሕዝብ ጀርባ ብቻ ነው። ከቀደሙት ቀናት እጥፍ ሆኗል። ደግሞ እንደ ወትሮው አይንጫጫም፤ ሁሉም አንገቱን አቀርቅሮ ጸጥ ብሏል። አያ ጅቦ ጆሮውን ቢያስጠጋም የቴሌቪዥኑ ድምፅ አልተሰማውም። ያን ጊዜ ነው ቅናቱ የባሰበት።

«እንዴት ያለ ዕቃ ቢሆን ነው!» አላት ጅቢትን። «ድምፁ ለተቀመጠው ብቻ ነው የሚሰማው፤ ጠብታ ወደ ውጭ አያፈስም። ሰዉ ተመስጦ መተንፈስ አቅቶታል። የእኛ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል። ቀበሮ ጉድ ሠራኝ።»

ዓርብ ከረፋዱ ብልጭታውን ተሸክሞ ጦጢት ሱቅ ደረሰ። በሯን ልትዘጋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ አገኛት። የአህያውን ዓይነት አምጪ፣ የእኔን ውሰጂ አላት። ጦጢት አየችው። ከመንገዱ ማዶ የተሰጣውንም ቆዳ አየች።

«ዋጋቸው አንድ ስለሆነ እቀይርልሃለሁ፣» አለችው በመጨረሻ። «ግን አንተ ቤት ሁለቱም ያው ናቸው፣ አያ ጅቦ።»

አያ ጅቦ ይህን እንደ ምርቃት ተቀበለው። ቤቱ ትልቅ ስለሆነ ማንኛውም ያምርበታል ማለቷ ነው ብሎ ለጅቢት ነገራት።

ቅዳሜን በዝግጅት ዋለ። ወለሉን አስጠረገ፤ ቁርበት አስነጠፈ፤ ሰባት ያህል ወንበር ተከራየ። በየአጥሩ ሥር እየዞረም ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እሱ ዘንድ እንዲመጡ፣ ቴሌቪዥኑም አሁን ከአባ ጫኔ ጋር አንድ ዓይነት እንደሆነ ተጣራ። የዶሮ ቤት በር ሲቀረቀር ብቻ ሰማ። አፍረው ነው አለ።

እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። የአንበሳ ልጆች ወደ ሜዳ ገቡ፤ የነብር ልጆች ገቡ። ምስሉ ጥርት ያለ ነው፤ ሣሩ እንኳ አንድ በአንድ ይቆጠራል። አያ ጅቦ ግን ጀርባውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቶ በሩን ነው የሚያየው። ጨዋታው ተጀመረ። ቁርበቱ ላይ የተቀመጠ የለም። ወንበሮቹ ላይ የተቀመጠ የለም። አሥራ አምስት ደቂቃ ቆጠረ፤ ከዚያ በላይ አልቻለም። አጥሩን ዘሎ አባ ጫኔ ግቢ ገባ፤ ከግቢውም በቀጥታ ቤት ውስጥ ዘለቀ።

ሰፈርተኛው ግድግዳውን ተደግፎ ዙሪያውን ተቀምጧል። ፍየል የቆሎ ሳህን ይዞ ነበር፤ ባለበት ቀረ። ዶሮ ጫጩቶቿን ሸፈነች። ቴሌቪዥኑ ግን ጠፍቷል። ላዩ ላይ ነጭ ጨርቅ ጣል ተደርጎበታል።

አያ ጅቦ ጨርቁን አየ፤ ሕዝቡን አየ፤ ግራ ገባው። ጨዋታው ተጀምሮ የለም ወይ፣ ተበላሽቶ ከሆነ የእሱ አለላችሁ፣ ይኸው አንድ ዓይነት ነው አላቸው።  አባ ጫኔም እንግዳ ነውና ተነሣለት።

«አልተበላሸም፣» አለው። «ከረቡዕ ወዲህ ከፍተነው አናውቅም። ለቅሶ ላይ ነን። የእማማ በጊት ቤት ስለማይበቃ እዚህ ነው የተቀመጥንላቸው።»

«ማን ሞቶ?» አለ አያ ጅቦ። የምሩን ነው የጠየቀው።

እማማ በጊት ከፍራሹ ላይ ቀና አሉ። ዓይናቸው አብጧል። አልፈሩትም፤ የሚፈሩለት ነገር ከእጃቸው ወጥቷል።

«ልጄ ነው፣» አሉት። «ቴሌቪዥን ተገዛበት።»

አያ ጅቦ አፉን ከፈተ። አልበላሁትም እኮ ሊል ነበር። አንድም ጊዜ አልነከስኩትም ሊል ነበር። የሁሉም ዓይን ላዩ ላይ እንዳረፈ ሲያይ ግን ይህ እንኳ መልስ እንዳልሆነ በዚያች ጠባብ ሐሳቡ ገባው። ወደ ኋላው እያየ ወጣ። ከኋላው ሚዳቋ ወደ እማማ በጊት ጠጋ ስትል፣ ፍየልም ቆሎውን ሲያቀርብላቸው አየ።

ቤቱ ሲመለስ የአንበሳ ልጆች ጎል አግብተው ይተቃቀፋሉ። አያ ጅቦ ከተከራያቸው ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀመጠ። ጅቢት ማን ነው የሚመጣው ብላ ጠየቀችው። ባዶዎቹን ወንበሮች አየና፣

«እኔ ብሞት፣» አላት፣ «አራት ቀን ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ የሚቀመጥልኝ ማን ነው?»

ጅቢት አሰበች። የሚጠራ ስም አጣች። ያን ጊዜ አያ ጅቦ በአባ ጫኔ መቅናቱን ተወ፤ በሞተው በግ ቀና።

ከዚህ የምንማረው በጎረቤቱ ዕቃ የቀና ያንኑ ዕቃ ከገበያ ሊያገኘው ቢችልም፣ በሌላው እንባ የተገዛ ነገር ግን ቤቱን እንጂ ወንበሩን እንደማይሞላለት ነው።